አንቲቫይረሱ አፕዴት አልሆን ካለ፣ ዳታ ከመግዛታችሁ በፊት

ከስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል ቀይ ምልክት ብቅ ይላል። ስትነኩት «አፕዴት አልተሳካም» ይላል። ደግማችሁ ትሞክራላችሁ። ትንሽ ይሄድና ቀጥ ይላል። እንዲህ እንዲህ ሲባል የስልኩ ዳታ ያልቃል፤ አንቲቫይረሱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ጅማ ላይ ይሄ ነገር ያልገጠመው ሰው ማግኘት ከባድ ነው። የፈረንጅ አራዳ ኮፒ ቤት፣ የመርካቶ ነጋዴ ቢሮ፣ የቂጦ ፉርዲሳ ተማሪ ላፕቶፕ፣ ሁሉም ጋ አለ። ብዙ ሰው የሚመርጠው መፍትሔም ያው ነው፤ አንቲቫይረሱን ነቅሎ እንደ አዲስ መጫን። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄ መጨረሻ ላይ የሚደረግ ነገር ነው። መጫኛው ራሱ ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል። ተጭኖ ሲያልቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ አፕዴት ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአንቲቫይረሱ ስላልሆነ ያው ችግር ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። የተበላሸው ሰዓቱ፣ የዲስኩ ቦታ፣ ኢንተርኔቱ ወይም የአንቲቫይረሱ የፈቃድ ቁልፍ ነው።

ስለዚህ እዚህ የማስቀምጠው ቅደም ተከተል የወጣው በብር ነው። ሳንቲም የማያስወጣው ይቀድማል፣ ዳታ የሚበላው ይከተላል።

መጀመሪያ ግን አፕዴት ሲባል ምን እንደሚወርድ እንይ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የፕሮግራሙ አዲስ ቅጂ ነው፤ አልፎ አልፎ ይመጣል። ሁለተኛው ዴፊኒሽን የሚባለው ነው፤ አንቲቫይረሱ ቫይረስን ከጤነኛ ፋይል የሚለይበት መረጃ ማለት ነው። ይሄኛው በቀን ብዙ ጊዜ ይታደሳል። ኤቪ ቴስት የተባለው የጀርመን የሙከራ ተቋም በየቀኑ ከ450,000 በላይ አዳዲስ ጎጂና አላስፈላጊ ፕሮግራሞችን እንደሚመዘግብ ይገልጻል። ወር የሞላው ዴፊኒሽን ምን ያህል ነገር እንደሚያመልጠው ከዚህ መገመት ይቻላል።

ነገሩ እንደ ሱቅ የዱቤ ደብተር ነው። በየቀኑ ብቅ ለሚል ደንበኛ የሚጨመረው የዛሬዋ መስመር ብቻ ናት። ለወራት ጠፍቶ ለመጣ ግን ሙሉው ሒሳብ ከመጀመሪያው ገጽ ይገለበጥለታል። አንቲቫይረስም እንዲሁ ነው። በየቀኑ አፕዴት ከሆነ የሚወርደው ትንሽ ነው። ከቆየ ሙሉው ይወርዳል። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ ሙሉ ጥቅሉ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። «አፕዴት ዳታ ይጨርሳል» ብሎ የሚያጠፋው ሰው ዳታ የሚጨርስበት ስለሚያጠፋው ነው።

ሲወርድ የሚሆነው ደግሞ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ የአንቲቫይረሱን ድርጅት ሰርቨር፣ ማለትም አፕዴቱ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር፣ ይጠራል። የመለሰለት ሰርቨር እውነተኛው መሆኑን በሰርተፍኬት፣ እንደ መታወቂያ በሆነ ዲጂታል ወረቀት፣ ያጣራል። ፋይሉን ያወርዳል። የወረደው ፋይል ያልተነካካ መሆኑን በዲጂታል ፊርማው ያረጋግጣል። ከዚያ አሮጌውን በአዲሱ ይተካል። ከነዚህ አንዱ ከተበላሸ ሁሉም ይቀራል፣ እናንተም የምታዩት «አልተሳካም» የሚለውን ብቻ ነው።

ይሄን ያህል መጠንቀቁ ያለ ምክንያት አይደለም። የተሳሳተ አፕዴት ከቫይረስ የባሰ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 ማካፊ የተባለው አንቲቫይረስ አንድ ዴፊኒሽን የዊንዶውስ ኤክስፒን የራሱን ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ስለያዘው ኮምፒውተሮች እየጠፉ መነሳት ብቻ ሆነ ሥራቸው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ድርጅት የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ። አየር መንገዶች ሳይቀሩ ቆመው ነበር። ስለዚህ አንቲቫይረሳችሁ ግማሽ የወረደ ፋይል አልቀበልም ሲል ሥራውን እየሠራ ነው።

ሰዓቱን እዩ

እየቀለድኩ አይደለም። አፕዴት አልሆን ያለ ኮምፒውተር ስታገኙ መጀመሪያ የምታዩት ቀኑንና ሰዓቱን ነው። ምንም አያስከፍልም።

እኛ አገር ይሄ ችግር የሚብሰው ሁለት ካሌንደር ስለምንጠቀም ነው። አንድ ሰው ኮምፒውተሩን ሲያስተካክል «ዘንድሮ 2018 አይደል?» ብሎ 2018 ያስገባል። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ለሱ 2018 ማለት ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። አሁን የአንቲቫይረሱ ሰርቨር ሰርተፍኬቱን ሲያሳየው፣ ሰርተፍኬቱ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያ ቀን ለኮምፒውተሩ ገና ያልደረሰ ቀን ይሆንበታል። «ይሄ ገና አልጀመረም» ብሎ መስመሩን ይዘጋል። ትክክልም ነው። የወደፊት ቀን የያዘ ወረቀት ይዞ የመጣን ማንም አያምንም።

ይሄ መሆኑን ለማወቅ ክሮምን ክፈቱ። ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ቀርቷል ወይም ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ በየድረ ገጹ ከመጣባችሁ ነገሩ እሱ ነው። ከዊንዶውስ የሚወጣው የስህተት ቁጥርም 8007 ብሎ ጀምሮ 2ኤፍ8ኤፍ ብሎ ካለቀ እሱው ነው።

ሰዓቱም እንደ ቀኑ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ 9፡00 ማለት አለበት። 3፡00 ካላችሁት ለሱ ሌሊት ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት ሁልጊዜ ሰርተፍኬቱን ባያበላሽም፣ በሰዓት የተቀጠረ አፕዴት ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ባለበት ሰዓት ላይ እንዲወድቅ ያደርጋል። የሰዓት ቀጠናውን ስትመርጡ አዲስ አበባ የሚል ከዝርዝሩ ውስጥ አትፈልጉ፤ ናይሮቢ የሚለው ነው የኛ። ከሱ በኋላ «ሲንክ ናው» የምትለዋን ተጫኑ። የሐበሻውን ቀን ከግድግዳ ካሌንደር ወይም ከስልካችሁ እዩ፣ ኮምፒውተሩን ለፈረንጅ ተዉለት።

አስተካክላችሁት ሲጠፋና ሲበራ ተመልሶ የድሮ ቀን ከመጣ ባትሪው አልቋል። በተለይ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች። ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ክረምት ላይ መብራት ሄድ መጣ ሲል በየቀኑ ቀኑ የሚበላሽበት ኮምፒውተር በሽታው ይቺ ናት። ሰዓት የሚያድሱ ሰዎች ጋ ጠይቁ። የኮምፒውተሩን ገመድ ከሶኬት ነቅላችሁ አሮጌዋን አውጡ፣ ጽሑፉ ያለበትን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ አዲሷን ተኩ።

አንድ ሌላ ነገር። የአንቲቫይረሱ የነፃ ሙከራ ጊዜ እንዳያልቅ ብሎ ሆን ብሎ ቀኑን ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው አለ። ብልጠት ይመስላል። አንቲቫይረሱ «ገና 20 ቀን አለኝ» ይለዋል፣ ዴፊኒሽኑ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሳይታደስ ሊቀር ይችላል።

ሰዓቱ ደህና ከሆነ ሲ ድራይቭን እዩ። አንቲቫይረስ አዲሱን አውርዶ፣ ፈትቶ፣ አሮጌውን ከመጣሉ በፊት ሁለቱንም ለጥቂት ጊዜ ያስቀምጣል። ቦታ ከሌለ ይተወዋል። የስህተት ቁጥሩ 80070070 ከሆነ ትርጉሙ ዲስኩ ሞልቷል ነው። ጥቂት ጊጋባይት ክፍት ይሁን። ቦታ የበላውን ለማግኘት ሩቅ አትሂዱ፤ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር አለ፣ ሳታውቁት የወረዱ ፊልሞች ሁሉ እዚያ ተከማችተዋል።

ኢንተርኔት አለ፣ አፕዴት የለም

«ቴሌግራም ይሠራል እኮ!» የሚለው ክርክር እዚህ አይሠራም። ለሶሻል ሚዲያ ብቻ የሚያገለግል ፓኬጅ ከገዛችሁ ቴሌግራም ይሄዳል፣ የአንቲቫይረሱ ሰርቨር ግን በዚያ ፓኬጅ አይሸፈንም። ሆቴል ወይም ካፌ ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁም መጀመሪያ ብሮውዘር ከፍታችሁ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ገጽ ማለፍ አለባችሁ። አንቲቫይረሱ ያንን ገጽ መሙላት አይችልም፣ ዝም ብሎ ይወድቃል።

ከስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። ዊንዶውስ አንድን መስመር «ሜተርድ» ብሎ ከያዘው፣ ማለትም በልክ የሚከፈልበት ነው ብሎ ካሰበ፣ አፕዴቶችን በራሱ ማውረድ ይተዋል። ለኪሳችሁ አስቦ ነው። ነገር ግን ሌላ ኢንተርኔት የሌለው ሰው ዓመቱን ሙሉ በዚህ ከቆየ ዴፊኒሽኑ ያረጃል። ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ጋ ገብታችሁ «ሜተርድ» የሚለውን ማብሪያ ለጊዜው አጥፉት፣ አፕዴቱን በእጃችሁ ጀምሩት፣ ሲያልቅ መልሱት። የሌሊት ፓኬጅ ያለው ደግሞ ለዚያ ሰዓት ይቅጠረው። ስድስት ሰዓት ሌሊት ለኮምፒውተሩ 12፡00 ኤኤም መሆኑን ሳትረሱ።

ቪፒኤንም አለ፤ ኢንተርኔታችሁን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞር ፕሮግራም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሶሻል ሚዲያ ተገድቦ በነበረባቸው ወራት ብዙ ሰው ያገኘውን ነፃ ቪፒኤን ጭኗል። ገደቡ ተነስቷል፣ ቪፒኤኑ ግን አሁንም ከኋላ አለ። አንዳንዱ ሲጠፋ እንኳ የፕሮክሲ፣ ማለትም ኢንተርኔቱ የሚያልፍበትን መካከለኛ አድራሻ፣ ማስተካከያ ትቶ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ አሁን በሌለ በር ለመውጣት ይሞክራል። ሴቲንግስ ውስጥ «ፕሮክሲ» ጋ ገብታችሁ በእጅ የተሞላ አድራሻ ካለና መሥሪያ ቤታችሁ ያስገባው ካልሆነ አጥፉት።

እነዚህን ሁሉ ከመመርመር አንድ አቋራጭ አለ። የጓደኛችሁን ሆትስፖት ለደቂቃ ለምኑና ሞክሩ። እዚያ ላይ ከጀመረ ችግሩ የመስመሩ ነው፣ ኮምፒውተሩን አትነካኩት። እዚያም እምቢ ካለ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሱ።

የክራክ ነገር

አሁን ብዙ ሰው መስማት ወደማይፈልገው መጣን። በፍላሽ ተገልብጦ የተጫነ፣ ቁልፉ ከማን እንደመጣ የማይታወቅ አንቲቫይረስ አፕዴት አልሆን ካለ ምክንያቱን ፍለጋ ብዙ መድከም አያስፈልግም።

አንድ ቁልፍ ለሺህ ኮምፒውተር ሲሠራ ድርጅቱ ያየዋል። ያየውን ቁልፍ ይዘጋዋል፣ አፕዴቱም እዚያው ያበቃል። ክራክ አድራጊው፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ የፕሮግራሙን ቁልፍ የሚሰብረው ሰው፣ ይሄን ስለሚያውቅ ሌላ ዘዴ ያበጃል፤ አንቲቫይረሱ ከነጭራሹ ድርጅቱን እንዳያገኝ ያደርገዋል። ይሄ የሚሠራው ሆስትስ በምትባል ትንሽ ፋይል ነው። ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ድራይቨርስ፣ ኢቲሲ እያላችሁ ስትገቡ ታገኟታላችሁ። ኖትፓድን በአድሚኒስትሬተርነት ከፍታችሁ በሱ ክፈቷት። በ# ምልክት የሚጀምሩ መስመሮች ማስታወሻ ናቸው፣ ተዉአቸው። በ127.0.0.1 ወይም በ0.0.0.0 ጀምሮ የአንቲቫይረሱን ድርጅት ስም የያዘ መስመር ካለ ግን ያ ነው በሩን የቆለፈው። የቁልፍ ማረጋገጫውን እዘጋለሁ ሲል የአፕዴቱንም አብሮ ዘግቶታል።

ደግሞ አስቡት። ክራኩ ሲጫን የመጀመሪያ ትዕዛዙ «አንቲቫይረስዎን ያጥፉ» ነው። አንቲቫይረስ ለመጫን አንቲቫይረስ ማጥፋት! የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ በክራክ ከተጫነ ውድ አንቲቫይረስ ከዊንዶውስ ጋር በነፃ የሚመጣው ዲፌንደር ይሻላል። ቁልፍ አይጠይቅም፣ አይዘጋም። ሌላ አንቲቫይረስ ስትጭኑ ራሱን ስለሚያሳርፍ ብቻ ነው የማይታያችሁ። ያንን ስታወጡ ይመለሳል።

ሁለት አንቲቫይረስ አብሮ መጫንም አይጠቅምም። አንዱ የሌላውን የወረደ ፋይል ይጠረጥራል፣ ኮምፒውተሩም ያዛጋል። አንዱን ምረጡ።

ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለባችሁ። ድጋፉ ያበቃው እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 ነው። ከዚያ በፊት በ2019 ማይክሮሶፍት ፋይሎቹን የሚፈርምበትን ዘዴ ቀይሯል። በዚያ ዓመት የወጡትን ማስተካከያዎች ያልጫነ ዊንዶውስ 7 አዲሱን ፊርማ አያውቀውም፤ ትክክለኛውን ፋይል ሐሰተኛ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ግን አትደንግጡ። ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ቢያበቃም፣ የዲፌንደር ዴፊኒሽን ቢያንስ እስከ ጥቅምት 2028 እንደሚቀጥል ማይክሮሶፍት አስታውቋል። የቆመው የዊንዶውሱን የደህንነት ቀዳዳ የሚደፍነው መደበኛ አፕዴት ነው፣ ዴፊኒሽኑ አይደለም። ስለዚህ አፕዴቱ እምቢ ካለ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ቫይረሱ ራሱ በሩን ሲዘጋ

ሁሉም ድረ ገጽ ይከፈታል፣ የአንቲቫይረስ ድርጅቶች ገጽ ብቻ አይከፈትም። በሌላ ስልክ ይከፈታል፣ በናንተ ኮምፒውተር አይከፈትም። ይሄ ከሆነ ቫይረሱ ቀድሟችሁ ሳይገባ አይቀርም።

ዘዴው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የተነሳው ኮንፊከር የሚባለው ትል (በራሱ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ቫይረስ) የደህንነት ድርጅቶችን ስም የያዘ አድራሻ በተጠራ ቁጥር መልሱን ያግድ ነበር፤ የዊንዶውስ አፕዴትንም ያጠፋ ነበር። የሚሰራጨው ደግሞ በኔትወርክና በፍላሽ ነው። ፍላሽ ካልን የኛን ከተማ ነካን።

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚታተምበት ሰሞን አንድ ኮፒ ቤት ግቡ። ተማሪው ፍላሹን ያቀብላል፣ ልጅቷ ትሰካለች፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የፎልደሮች ስም ነው፤ ሁሉም ግን ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አላቸው።

«እህት፣ ፋይሎቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል!»

«አይዞህ፣ አልጠፋም። ብቻ አትክፈተው።»

ልክ ናት። ሾርትከት ቫይረስ የሚባለው ብዙ ጊዜ ፋይሉን አያጠፋም፣ ይደብቀዋል። በቦታው የተቀመጠውን ቀስት ስትጫኑ ቫይረሱን ታስነሳላችሁ። ፍላሹን ፎርማት ያደረገ ሰው ቫይረሱንም ጽሑፉንም አብሮ ይጥላል። መጀመሪያ ስካን ይደረግ፣ ከዚያ በፎልደር ማሳያው ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግና «የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ» የምትለዋን ምልክት ማንሳት ነው። ፋይሎቹ ደብዘዝ ብለው ይመጣሉ።

እንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ ይቀበላል፣ ኢንተርኔት ግን ብዙ ጊዜ የለውም። ዴፊኒሽን ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለሱ ነው። መፍትሔው አፕዴቱን በፍላሽ ማምጣት ነው። ንጹሕ በሆነ ሌላ ኮምፒውተር ከማይክሮሶፍት የራሱ ገጽ የዲፌንደርን ሙሉ ጥቅል አንድ ጊዜ ታወርዳላችሁ። ከዚያ አምስትም አሥርም ኮምፒውተር ላይ በዚያችው ፋይል ታድሳላችሁ። ዳታ የሚወጣው ለአንድ ብቻ ነው። ካስፐርስኪና አቫስትም የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። ከማታውቁት የቴሌግራም ቻናል ግን አታውርዱ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ባለ 32 ቢትና ባለ 64 ቢት የሚባሉ አሉ፤ ለኮምፒውተራችሁ የሚሆነውን ሲስተም የሚለው ገጽ ላይ አይታችሁ ምረጡ። ሁለተኛ፣ የዲፌንደሩን ፋይል ሁለቴ ስትጫኑት ምንም አይታይም። መስኮት የለ፣ «ተሳክቷል» የሚል የለ። ብዙ ሰው አልሠራም ብሎ ደጋግሞ ይጫነዋል። ሠርቷል፤ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሠራው። ትንሽ ጠብቃችሁ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ የመጨረሻ አፕዴት የሚለውን ቀን እዩ። የዛሬ ወይም የትናንት ከሆነ ጨርሳችኋል። ያቺን ፋይል ደግሞ ለከርሞ አታስቀምጧት፣ በሳምንቱ አዲስ አምጡ።

ቫይረሱ አስቀድሞ የገባበት ኮምፒውተር ከሆነ በፍላሽ ካደሳችሁ በኋላ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይጀምር ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ቫይረሱ ገና ስላልተነሳ መከላከል አይችልም። የከፈታችሁትን ሥራ ቀድማችሁ ሴቭ አድርጉ፣ መብራትም የማይሄድበትን ሰዓት ምረጡ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ አሁን ንቀሉት። ግን አዲሱን መጫኛ ሳታወርዱ አሮጌውን አታውጡ፤ የገዛችሁትንም ቁልፍ የሆነ ቦታ ጻፉ። በተለመደው መንገድ ስታወጡት ፍርፋሪው ስለሚቀር ብዙዎቹ ድርጅቶች የራሳቸውን ማስወገጃ ፕሮግራም በነፃ ያቀርባሉ። በሱ አውጡት፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ከዚያ አዲሱን ጫኑ።